ፊደል ወገን አለውን? የያን ቺኾልድና የማክስ ቢል ክርክር

የተሰጠኝ ርእስ «በሃያኛው ክፍለ ዘመን የግራፊክ ዲዛይን ስልቶች ለውጥ» የሚል ነበር። መቶ ዓመት በአንድ ሰዓት ይነገራል ብዬ ብነሣ እናንተንም ራሴንም ማታለል ይሆንብኛል። ስለዚህ አንድ ሰውና አንድ ጠብ ይዤ መጥቻለሁ። ሰውየው ያን ቺኾልድ የተባለ ጀርመናዊ የኅትመት ጥበብ ሊቅ ነው፤ ጠቡ በ1946 ከስዊዘርላንዳዊው ማክስ ቢል ጋር በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ የተለዋወጡት ክርክር ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ይህን ጠብ የመረጥኩበት የግል ምክንያት አለኝ። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ተማሪ ለአንድ የቅኔ መድበል የርእስ ገጽ ነድፎ አመጣልኝ። ርእሱ መሃል ላይ፣ የባለቅኔው ስም ከሥሩ እንዲሁ መሃል ላይ፣ ከሁሉም በላይ ቀጭን ሐረግ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ያረጀ ስልት፤ ዘመናዊ አይደለም» ብዬ ጻፍኩበትና ዝቅ ያለ ውጤት ሰጠሁት። «ዘመናዊ» ስል ምን ማለቴ እንደ ነበር ተማሪው ቢጠይቀኝ ኖሮ ምን እመልስለት እንደ ነበር እንጃ። አልጠየቀኝም። በእኛ ዘመን መምህር እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር።

ቺኾልድ በ1902 በላይፕዚግ ተወለደ። ላይፕዚግ በዚያን ጊዜ የጀርመን የመጽሐፍ ሥራና ንግድ ዋና መናኸሪያ ነበረች። አባቱ ታፔላ ጻፊ ነበር። ልጁ ብሩሽና ቀለም እያየ አደገ፤ በከተማይቱ የኅትመት ጥበብ አካዳሚ ቁም ጽሕፈት ተማረ፤ ገና በሃያዎቹ መግቢያ ላይ ሳለም ለላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ማስታወቂያዎችን በእጁ ይጽፍ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። በኋላ ትውፊቱን ሊያፈርስ የተነሣው ሰው ትውፊቱን በጣቶቹ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በ1923 በቫይማር የተከፈተውን የባውሃውስ ትርኢት ሊያይ ሄደ፤ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ለሩስያ አብዮታዊ ሥነ ጥበብ ካደረበት ፍቅር የተነሣ ስሙን ሳይቀር ከዮሐንስ ወደ ኢቫን ለወጠ። በ1926 ፓውል ሬነር በሙኒክ ወደሚገኘው የአታሚዎች ትምህርት ቤት ለመምህርነት ሲጠራው ግን ወግ አጥባቂዋ ባቫርያ ኢቫን የሚባል መምህር የምትቀበል አልሆነችምና ስሙ እንደ ገና ተለውጦ ያን ሆነ። ሰውየው ስልት ብቻ ሳይሆን ስምም ይለዋውጥ እንደ ነበር ስነግራችሁ ላሳቅበት አይደለም። በዚያ ዘመን ስምም የፊደል ቅርጽም የወገን ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር።

በጥቅምት 1925 የአታሚ ሠራተኞች ማኅበር መጽሔት ልዩ እትም እንዲያዘጋጅ ዕድል ተሰጠው። እትሙን «መሠረታዊ ታይፖግራፊ» ብሎ ሰየመው፤ የኤል ሊሲትስኪንና የላስሎ ሞሆይ-ናዥን ሥራዎች በዚያ አስተዋወቀ። ከዚያ አስቀድሞ እነዚህ አሳቦች የሚታወቁት በሠዓሊያን ክበብ ውስጥ ነበር። መጽሔቱ ግን ይነበብ የነበረው በፊደል ለቃሚዎች ዘንድ ነው። ለወጣቶቹ ላስረዳ፤ ፊደል ለቃሚ ማለት እያንዳንዷን የእርሳስ ፊደል ከመሳቢያ እየለቀመ በመስመር የሚደረድር ሠራተኛ ነው። አንድን መስመር መሃል ላይ ለማስቀመጥ ይህ ሰው በግራም በቀኝም ያለውን ባዶ ቦታ አስልቶ በሁለቱም ወገን በባዶ እርሳስ መሙላት ነበረበት። ከግራ ጀምሮ ቢደረድር ግን የሚሞላው አንድ ወገን ብቻ ነው። እናንተ ዛሬ በአንድ ቁልፍ የምትፈጽሙት ነገር ያን ጊዜ የጉልበትና የሰዓት ጉዳይ ነበር፤ ስለ ስልት ስንናገር ይህን የምንረሳ ይመስለኛል።

በተጨማሪም የዘመኑ የንግድ ኅትመት የተዝረከረከ ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ አምስትና ስድስት ዓይነት ፊደል፣ ጌጥ በጌጥ ላይ፣ የወረቀቱ መጠን ራሱ ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት የሚለያይ። በ1922 ጀርመን የወረቀት መጠንን በደረጃ ወሰነች፤ ዛሬ በየቢሮአችን ያለው 210 በ297 ሚሊሜትር የሆነው ኤ4 ከዚያ ውሳኔ የተወለደ ነው። ሉሁ ለሁለት ሲታጠፍ የጎንና የቁመቱ ምጣኔ አይለወጥም፤ ስለዚህ ሲቆረጥ ወረቀት አይባክንም፤ ፖስታውም፣ ማኅደሩም፣ መደርደሪያውም እርስ በርስ ይስማማሉ። ቺኾልድ በ1928 «አዲሱ ታይፖግራፊ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም ስለዚህ የወረቀት ደረጃ የተናገረው ስለ ውበት ከሚናገሩ ብዙ መጻሕፍት ይልቅ በጋለ መንፈስ ነው። መጽሐፉን ያሳተመው የአታሚ ሠራተኞች ማኅበር የትምህርት ክፍል ነበር። ትእዛዛቱ ጥቂትና ጥብቅ ናቸው፦ የማዕከሉ መስመር ይተው፤ ጫፋቸው ላይ ጭረት የሌለባቸው፣ ሳንሰሪፍ የምንላቸው ፊደላት ብቻ ይግቡ፤ በእጅ ሥዕል ፈንታ ፎቶግራፍ ይቀመጥ፤ ጌጥ ይወገድ።

ይህ ስልት ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ለማየት በ1927 ለሙኒክ ፊቡስ ሲኒማ ቤት ከሠራቸው ፖስተሮች አንዱን፣ «ስም የለሿ ሴት» የሚለውን፣ ተመልከቱ። ቀያይ መስመሮች ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ገጹን እያቋረጡ ይሰፋሉ፤ የፊልሙ ፎቶዎች በመስመሮቹ መካከል እየፈጠኑ የሚመጡ ይመስላሉ፤ ጽሑፉም አዝምሞ አብሮ ይሮጣል። አብዛኛው ወረቀት ባዶ ነው። የቀድሞው አታሚ ባዶውን ቦታ እንደ ኪሳራ ይቆጥረው ነበር፤ ቺኾልድ ግን ሥራ አሠራው።

ስለ ባውሃውስ ሳወራ ሁልጊዜ የሚያስቀኝን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ1925 ባውሃውስ ትልልቆቹን የላቲን ፊደላት ትቶ በትንንሾቹ ብቻ መጻፍ ጀመረ፤ ኸርበርት ባየርም አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ ፊደል ነደፈ። አንድ ድምፅ ሁለት ምልክት ለምን ያስፈልገዋል የሚለው ክርክራቸው ወረቀት ፈጅቷል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ኖሮት አያውቅም። ጸሐፍቶቻችን አንድን ስም ማክበር ሲሹ ቀይ ቀለም ያነሡ ነበር እንጂ የፊደሉን ቅርጽ አይለውጡም። ይህን የምለው ቀድመናቸዋል ለማለት አይደለም። በአንድ አገር አብዮት የተባለው ነገር በሌላው አገር የዘወትር ልማድ ሊሆን እንደሚችል ለማስታወስ ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በመጋቢት 1933 ናዚዎች ባቫርያን በተቆጣጠሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቺኾልድ ታሰረ። ሥራውንም አጣ። ሬነርም ታስሮ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱም ተባረረ። ቺኾልድ ከሳምንታት እስር በኋላ ተፈታና በዚያው ዓመት በጋ ከሚስቱና ከትንሹ ልጁ ጋር ወደ ባዝል ተሰደደ። በስደት አገር የሚበቃ እንጀራ አልነበረም፤ በአንድ አሳታሚ ዘንድና በአንድ ትምህርት ቤት በጥቂት ሰዓት ሥራ ኑሮውን ይገፋ ነበር። የሚሠራው ደግሞ ፖስተር ሳይሆን በአብዛኛው መጽሐፍ ነበር። ልቦለድ፣ ግጥም፣ የቀደምት ደራስያን ሥራ። እዚህ ላይ ነው እጁ ቀስ በቀስ ወደ መሃል የተመለሰው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ የሠራቸው የርእስ ገጾች ግራና ቀኛቸው እኩል፣ ፊደላቸው ባለ ጭረት፣ ኅዳጋቸው ሰፊ፣ የጥንቱን የአውሮፓ መጽሐፍ የሚመስሉ ናቸው። ያወጀውን ሁሉ ሻረ ማለት ይቻላል።

በ1945 መጨረሻ በዙሪክ በሰጠው ንግግር አዲሱ ታይፖግራፊ ለኢንዱስትሪ ምርት ማስታወቂያ እንደሚስማማ፣ ለመጽሐፍ፣ በተለይም ለሥነ ጽሑፍ፣ ግን እንደማይበቃ ተናገረ። በባውሃውስ የተማረው ማክስ ቢል ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ቢል ከቺኾልድ በስድስት ዓመት ያንሳል፤ በቺኾልድ መጽሐፍ የታነጸ ትውልድ ነው። በ1946 በአንድ የስዊዘርላንድ የኅትመት መጽሔት ላይ ስሙን ሳይጠራ፣ ግን ማንን እንደሆነ ሁሉም እንዲያውቅ አድርጎ፣ ሰውየውን ወደ ኋላ በመሸሽ ከሰሰው። እንደ ቢል አባባል የዘመኑን ቴክኒክ በዘመኑ ቅርጽ መግለጥ ግዴታ ነው፤ ወደ አሮጌው መመለስ በፖለቲካውም ወደ ኋላ ከሚጎትቱት ጋር መሰለፍ ነው።

የቺኾልድ መልስ በወራት ውስጥ በዚያው መጽሔት ታተመ፤ «እምነትና እውነታ» ይላል ርእሱ። ተማሪዎች ሙሉውን እንዲያነቡት አጥብቄ እመክራለሁ፤ የቆሰለ ሰው ጽሑፍ ነውና። ቺኾልድ በራሱ ላይ ፈረደ። ያ የወጣትነቱ ታይፖግራፊ አማራጭ የማይታገሥ፣ ሁሉን በአንድ ሥርዓት ሊጠቀልል የሚሻ እንደ ነበር፣ ይህም ጠባዩ ጀርመንን ወደ ሂትለር ከወሰደው ወታደራዊ የሥርዓት ፍቅር ጋር እንደሚዛመድ ጻፈ። ቀጥሎም ቢል የሚያመልከው የቴክኒክ ግስጋሴ በናዚዎች ዘመን እጅግ እንደ ተፋጠነ፣ እነርሱ ግን በመካከለኛው ዘመን ጌጥ ሸፍነውት እንደ ነበር አመለከተ። የታሰረው፣ የተሰደደውም እኔ ነኝ፤ አንተ ከጦርነቱ ውጭ በነበረች አገር ተቀምጠህ ስለ ወገን ታስተምረኛለህን? ይህን በእነዚህ ቃላት አልጻፈውም፤ ነገር ግን በየመስመሩ መካከል የሚሰማው ይህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ክሶች አሉን። አንዱ ማዕከላዊው አሰላለፍ አድሃሪ ነው ይላል፤ ሌላው ሳንሰሪፉና ጎን ዘመሙ አሰላለፍ የአምባገነንነት ዝንባሌ አለበት ይላል። ለብዙ ዓመታት አንደኛውን መምረጥ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ማስረጃው ግን ሁለቱንም አይደግፍም።

ፍራክቱር የሚባለውን፣ ጥቁርና ስብርብር የሆነውን የጀርመኖች ፊደል ውሰዱ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የእውነተኛው ጀርመናዊ ፊደል ብለው ከፍ ከፍ አደረጉት። በጥር 1941 ግን ማርቲን ቦርማን በሂትለር ስም በላከው ሰርኩላር ያው ፊደል የአይሁድ ፊደል ነው ተባለና የተለመደው የላቲን ፊደል እንዲተካው ታዘዘ። በስምንት ዓመት ውስጥ የፊደሉ አንዲት ጭረት እንኳ አልተለወጠችም፤ ከቅዱስ ወደ ርኩስ የተለወጠው ስሙ ነው። ያ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ፊደል የነደፈው የባውሃውሱ ኸርበርት ባየርም በ1936 በናዚዎች ዘመን በርሊን ላይ ለተከፈተ «ዶይችላንድ» ለተባለ ትርኢት የማስታወቂያ ቡክሌት ነድፏል፤ ወደ አሜሪካ የሄደው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በሮም ደግሞ በ1932 የፋሺስት አብዮት ትርኢት ሲከፈት ጣልያን ያፈራቻቸው አዳዲስ አርክቴክቶችና ሠዓሊዎች ግዙፍ ፊደላትንና የፎቶ ቅንብርን እጅግ በረቀቀ ሁኔታ ተጠቅመውበታል። ያ መንግሥት ከሦስት ዓመት በኋላ አገራችንን የወረረው መንግሥት ነው። የትርኢቱን ፎቶዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ በሥራው መደነቄን መካድ አልቻልኩም፤ መደነቄም አሳፈረኝ። ይህን ስሜት እስካሁን አልፈታሁትም።

በቺኾልድ ክስ ላይ ከሁሉም የሚከብደው ምስክር ግን የኡልም የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ኢንገ ሾል ናት። ወንድሟ ሃንስና እኅቷ ሶፊ በየካቲት 1943 ናዚዎችን የሚቃወም ጽሑፍ በመበተናቸው አንገታቸው ተቀልቷል። ትምህርት ቤቱ የእነርሱ መታሰቢያ ሆኖ ታሰበ፤ በ1953 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ዳይሬክተር ማክስ ቢል ራሱ ሆነ። የኡልም የኅትመት ሥራ በሳንሰሪፍ፣ በትንንሽ ፊደላት ብቻና በጥብቅ የመስመር ሥርዓት ነበር። ቺኾልድ ከሂትለር ጋር ያዛመደው ቅርጽ የሂትለር ሰለባዎች መታሰቢያ ቋንቋ ሆነ ማለት ነው። ሌላው መሥራች ኦትል አይኸር የ1972ቱን የሙኒክ ኦሊምፒክ ገጽታ ሲነድፍ በብርሃናማ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ዩኒቨርስ በተባለው ሳንሰሪፍ ፊደልና በትንንሽ የስፖርት ምልክቶች የ1936ቱን የበርሊን ኦሊምፒክ ትዝታ ሊያጥብ ሞከረ። የዚያ ኦሊምፒክ ማስኮት ቫልዲ የተባለ አጭር እግር ውሻ ነበር፤ የማራቶኑ መንገድም በካርታ ላይ የውሻውን ቅርጽ እንዲመስል ተደርጎ ነበር። ማሞ ወልዴ የነሐስ ሜዳሊያውን ያገኘው እንግዲህ በአይኸር ውሻ ዙሪያ ሮጦ ነው።

ታዲያ የቺኾልድ መልስ ከንቱ ነውን? አይመስለኝም። በጽሑፉ ውስጥ ከናዚው ንጽጽር ይልቅ ያልተስተዋለ አንድ ነጥብ አለ። ማሽን ሠራተኛው ከሥራው ያገኝ የነበረውን እርካታ ነጥቆታልና ማሽንን በመንበር ላይ ማስቀመጥ ስሕተት ነው ይላል። ይህ ከታፔላ ጻፊው ልጅ የመጣ ድምፅ ነው። ቢል አርክቴክትና ቀራፂ ነበር፤ የማሽኑን ዘመን ያደነቀው ከሩቅ ሆኖ ነው። ቺኾልድ ስለ አንባቢም የሚያነሣው ነገር አለ። ፖስተር የሚያየው ሰው እያለፈ ነው፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ግን ተቀምጧል፣ ሦስት መቶ ገጽ ይቀረዋል፣ ገጹ በየመስመሩ ቢጮህበት ይደክመዋል። እኔ አሳማኙ ክርክር ይህ ይመስለኛል፤ ለዚህ ደግሞ ሂትለርን መጥራት አያስፈልግም ነበር።

በ1947 ቺኾልድ ወደ እንግሊዝ ተጠርቶ የፔንግዊን መጻሕፍትን ቅርጽ እንዲያስተካክል ተቀጠረ። ፔንግዊን ከ1935 ጀምሮ ጥሩ መጻሕፍትን በስድስት ፔኒ ይሸጥ ነበር። መጻሕፍቱ የሚታተሙት በልዩ ልዩ ማተሚያ ቤቶች ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ለቃሚ በየራሱ ልማድ ይሠራ ነበር። ቺኾልድ የአራት ገጽ ደንብ ጻፈ። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ይጥበብ፤ ከነጥብ በኋላ ሰፊ ባዶ አይተው፤ ትልልቅ ፊደላት ሲደረደሩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በዓይን ይመጠን። ይህን የመጨረሻውን ትእዛዝ ለፊደል ለቃሚዎች መደጋገም ስለ ሰለቸው ማኅተም አስቀረጸለትና በየእርማቱ ላይ ይመታው ጀመር። በሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ500 በላይ መጻሕፍት በእጁ አለፉ። ሽፋኑን አላፈረሰም፤ ኤድዋርድ ያንግ በ1935 የነደፋቸውን ሦስት አግድም ቀለሞችና ሳንሰሪፉን ፊደል ጠብቆ አጠራቸው። ውስጡን ግን በባለ ጭረት ፊደል፣ በእርጋታ፣ በማዕከላዊ የርእስ ገጽ ሠራው። ለሱቁ መስኮት አንድ ፊደል፣ ለአንባቢው ሌላ ፊደል። ከቢል ጋር የተከራከረበትን ነገር እዚህ ያለ ክርክር ፈጸመው።

የክፍለ ዘመኑን ቀሪ ታሪክ በፍጥነት ላልፈው ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍቶቻችሁ በቂ ተብሎለታል። በ1957 በኋላ ኸልቬቲካ የተባለው ፊደል ወጣ፤ የቢል ወገን በኩባንያዎችና በአየር ማረፊያዎች አማካይነት ዓለምን ወረሰ። ከ1968 ጀምሮ ቮልፍጋንግ ቫይንጋርት በባዝል፣ ቺኾልድ በተሰደደባት ከተማ፣ የስዊዝን ሥርዓት እየሰባበሩ መሥራትን አስተማረ። በ1984 ማኪንቶሽ መጣ፤ የእርሳሱ መሳቢያ ወደ መስታወት ገባ። የኋለኛው ትውልድ የፊተኛውን አምባገነን ብሎ የመክሰስ ልማዱ ግን ከ1946 ወዲህ አልተቋረጠም።

ቺኾልድ በ1967 ሳቦን የተባለውን ፊደል አወጣ። መሠረቱ የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የጋራሞንድ ፊደል ነው። የጀርመን አታሚዎች የፈለጉት በእጅ ለቀማም፣ በሞኖታይፕም፣ በላይኖታይፕም ማሽን አንድ ዓይነት ሆኖ የሚታተም ፊደል ነበር። ላይኖታይፕ ላይ ቀጥተኛው ፊደልና ዘመሙ ፊደል በአንድ ቅርጽ ማውጫ ላይ ስለሚቀመጡ እኩል ስፋት ሊኖራቸው ግድ ነው። ስለዚህ የሳቦን ዘመም ፊደል ከወትሮው ሰፋ ያለ ነው። ስትመለከቱት አራት መቶ ዓመት ያለፈው ይመስላል፤ ስፋቱን የወሰነው ግን ማሽኑ ነው። ቢል በ1946 የጠየቀው ይህንኑ ይመስለኛል፤ እንዲህ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም እንጂ። ቺኾልድ በ1974 በሎካርኖ አረፈ።

የመጨረሻውን ስላይድ ክፈትልኝ። መግቢያዬ ላይ ያነሣሁት የርእስ ገጽ ይህ ነው። ባለቤቱ ዛሬ በማተሚያ ቤት ይሠራል፤ ለዚህ ንግግር ስጠይቀው አስቀምጦት ኖሮ አመጣልኝ፤ እንዳሳያችሁም ፈቀደልኝ። ለምን መሃል ላይ እንዳደረገው አሁን ጠየቅኩት። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ያልቃል፤ ገጹ ሰፊ ነው፤ ከግራ ቢጀምር ቅኔው ከመደርደሪያ የወደቀ ይመስላል አለኝ። በቀይ የተጻፈው የእኔ እጅ ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።